የዘንገናው ውርርድ

ልጄ ፋና አዘና ላይ በመምህርነት ተቀጠረች። ብቻዋን ቤት ተከራይታ ልትኖር ነው። እኔ አልፈቅድም አልሁ። ሌሊት ብትታመም ማን ውኃ ያቀብላታል? ቤቱ ቢቃጠልስ? ሚኒባሱ ገና መንገድ ላይ ቢገለበጥስ?

“አንቺ እኮ አልጋ ላይ ተኝተሽም ገደል አይጠፋሽም” አለኝ ባሌ አዝመራው።

ነገሩን ወደ ውርርድ የወሰደችው ጎረቤታችን ፀጋነሽ ናት። “ቅዳሜ የዘንገናን ሐይቅ በእግራችን እንዙር። ከምትፈሪው ሁሉ አንዱ እንኳ አንዳችን ላይ ከደረሰ ፋና ትቅር። ምንም ካልደረሰ ሰኞ መርቀሽ ትሸኛታለሽ።”

እሺ አልሁ። ሐይቅ ዳር ተውሎ ምንም ሳይደርስ ይቀራል ብዬ አላሰብሁም።

ቅዳሜ ጧት ከእንጅባራ ተሳፈርን፤ እኛ ሦስታችን፣ ፀጋነሽና ባሏ ወንድማገኝ። የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። እኔ ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ ፋሻና ገመድ ይዣለሁ።

“ገመዱ ለምንድን ነው?” አለ ወንድማገኝ።

“ሰው ውኃ ውስጥ ቢገባ።”

“እንግዲያው እኔን ስትጎትቺ ቀስ በይ፤ ወገቤን ያመኛል።”

ምሳም ይዣለሁ። የነቢያት ጾም ነው፤ እነፀጋነሽ ግን ፕሮቴስታንቶች ስለሆኑ አይጾሙትም። ስለዚህ ለእነሱ እንቁላል ቀቅዬ ዘንቢሉ አናት ላይ አድርጌዋለሁ። ፀጋነሽ ደግሞ ለእኛ ብላ የሱፍ ፍትፍት ሠርታለች። አንዳችን የሌላችንን ምሳ ተሸክመን ጉዞ ጀመርን።

መንገዱ በዛፎች ሥር የሚያልፍ ቀላል መንገድ ነው። ጦጦቹ ከላይ ሆነው ያዩናል።

“ፋና፣ ከዳሩ ራቂ!”

“እማ፣ ውኃው እኮ እዚያ ታች ነው!”

“ተያት” አለች ፀጋነሽ፣ “እናትሽ ውኃው ተነሥቶ እንዳይመጣ እየጠበቀችው ነው።”

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር እንዲደርስ እጠብቅ ነበር። ትንሽ ነገር፣ የማይጎዳ። ፋናን እሾህ ቢወጋት ይበቃኛል። ግን መንጋጋ ቆልፍ ከእሾህም እንደሚመጣ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። እሾሁን ተውሁት። ቀጥሎ ጉንፋን አሰብሁ፤ እሱም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሳላውቀው፣ ምንም እንዳይደርስ እየጸለይሁ፣ ለራሴ መሸነፍ ስማጠን አረፈድሁ።

ዙሩ ሊያልቅ አንዲት ቁልቁለት ቀረች። ውርጩ ቀልጦ መሬቱን ሳሙና አድርጎታል። ሁሉም ቀድመውኛል። እግሬ ከዳኝና ዘንቢሉ ላይ ዘጭ!

ረታሁ! ልጠራቸው አፌን ስከፍት፣ ፋና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ጭቃ በቅጠል ስትጠርግ አየሁ። ለአዘና የገዛችው አዲስ ጫማ ነው፤ እግሯን እንዲለምድ ብላ አጥልቃዋለች።

አፌን ዘጋሁ። ተነሥቼም እያነከስሁ ሄድሁ። ቁርጭምጭሚቴ ጮኸ፤ እኔ ዝም።

ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ ፀጋነሽ ዘንቢሉን ከፈተች። “ወርቅአየሁ፣ እንቁላሉን ምን ነካው?”

“እንዳትቸገሩ ብዬ ልጣጩን ሰባብሬላችሁ ነው።”

“አስኳሉንም?”

ወንድማገኝ ከኋላዬ ሆኖ ሳቀ። “እሷስ ጾመኛ ናት፤ ቀሚሷ ግን ገድፏል!”

አዝመራው እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ ወድቀሻል ማለት ነው። ውርርድ ውርርድ ነው። ፋና ቀረች?”

ፋና የጠቀለለችውን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች።

“ማን ወደቀ? ዐረፍ ብዬ ተቀመጥሁ እንጂ” አልሁ።

“እንቁላል ላይ?”

“ዶሮስ የት ነው የምትቀመጠው?”

ጦጦቹ እስኪሸሹ ድረስ ሳቁ። ፋና ብቻ አልሳቀችም። ፋሻውን ከቦርሳዬ አወጣችና እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰር ጀመረች። ሳይጠብቅ ሳይላላ አሰረችው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ የሠራው ፋሻው ብቻ ነው።

“እማ፣ በጣም ያምሻል?”

“ተቀመጥሁ አልሁ እኮ” አልኋት። “ይልቅ ሰኞ ስትሄጂ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጪ። ገመዱንም ይዘሽ ሂጂ።”

“ገመዱ ለምን?”

“እኔ ምን ዐውቃለሁ? ቤቱ ፎቅ ቢሆንስ?”