ሳይጠይቁ የሚጠቀሙበት ፈቃድ

ኮከብ ከፈለ ሥዕሎቿን ልትሸጥ ስትነሣ የፈቃዱን ቃል የጻፈችው ራሷ ናት። ሥዕሎቹ የባሮን ወንዝ የሚያሳዩ ነበሩ፤ ወንዙ ሲሞላ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ዳሩ ላይ የበቀለው ሸምበቆ፣ አሸዋው ላይ የተጎተተች ታንኳ፣ የማንጎ ዛፍ ከነጥላው። ጌም የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ለብቻ እያነሣ፣ እንደፈለገ እየገጣጠመ የራሱን አገር ያበጅባቸዋል። ድረ ገጽ ላይ ስታወጣቸው ከግርጌው እንዲህ አለች፦ «ፈቃዱ ለአንድ ሰው ነው። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዳችሁ ስማችሁንና ሥራችሁን ጻፉልኝ፤ ለተጨማሪው ሰው ክፍያ አልጠይቅም።»

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ያኔ ማንም አልጠየቃትም። በሰፈራ ወደ ጋምቤላዋ አቦቦ የመጡት እናትና አባቷ አርፈዋል። ወንድሟ ጅማ አግብቶ እዚያው ቀርቷል። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የጤና ፖስተር ትሥል ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብረዋት የሠሩት ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየመጡበት ተመለሱ። እሷ የምትመለስበት አልነበራትም፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ጋምቤላ ከተማ፣ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ በተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ በዚያ ሙቀት ታብሌቷ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፅዋን የምትሰማው ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትል ብቻ ነው።

ሥዕሎቹን መጀመሪያ የወሰደው አዲስ አበባ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ኃላፊው ወንዶሰን በራሱ ስም ገዛ። ቀጥሎ ከቡድኑ አንዱ እንደ ደንቡ ጻፈላት።

«ፍሬሰንበት እባላለሁ። የጌሙን መልክዓ ምድር የማቀናጀው እኔ ነኝ። ሥዕሎችዎን እንድጠቀም ይፈቅዱልኛል? አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ውሃው እውነት እንዲህ ቡናማ ነው ወይስ ቀለሙ የእርስዎ ነው?»

ኮከብ ብቻዋን ሳቀች። ፈቃዱን በአንድ መስመር ሰጥታ ስለ ውሃው ግን ረጅም ደብዳቤ ጻፈች፤ ክረምት ሲገባ ከደጋ የሚወርደው አፈር እንደሚያደፈርሰው፣ በጋ ላይ ደግሞ አሸዋው እስኪታይ እንደሚጠራ። እሱም መለሰ፤ ሌላም ጠየቀ። ወፎቹ ሲመሽ የት ያድራሉ? ታንኳውን ከምን ዓይነት ግንድ ይፈለፍሉታል? የማታውቀውን ሲጠይቃት ወጥታ ታያለች፤ ዓሣ አጥማጆቹን ትጠይቃለች። ውሎ አድሮ «እርስዎ» መባሉ ቀርቶ «አንቺ» ሆነ።

ጎረቤቷ ኛኩዎል የማታር ከተማ ልጅ ናት፤ ከዚያ ዓሣ እያመጣች ገበያ ትሸጣለች። አንድ ቀን የኮከብ ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻት።

«ከስልክ ጋር ትስቂያለሽ» አለቻት። «ማነው?»

«ሥዕሌን የሚጠቀም ሰው ነው።»

«ጥሩ ነው። አይቶሽ ያውቃል?»

ኮከብ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወንዶሰን ደወለ። እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምታው አታውቅም።

«ኮከብ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባለፈው ሰሞን እናንተ ጋ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ መብራትም አልነበረም።»

«አዲስ የቀጠርናት ልጅ ያንቺን ፈቃድ ስትጠብቅ ሥራ ፈታ ሰነበተች። እኛ ጋ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ጌሙን የሚያወጣልን ድርጅት ደግሞ ሥዕሉን የነካ ሁሉ ፈቃድ እንዳለው ማረጋገጫ ይፈልጋል። ለስቱዲዮው በሙሉ አንድ ፈቃድ ብትሰጪንስ? ክፍያው የሚያሳስብሽ ከሆነ እንነጋገራለን።»

«ክፍያው አይደለም።»

«ታዲያ በየሰው ያደረግሽው ለምንድን ነው?»

«ማን እንደሚሠራበት ማወቅ ደስ ይለኛል» አለች። ውሸት አልነበረም። የቀረውን ግን ለማያውቁት ሰው በስልክ አይናገሩትም።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብላ ከጋምቤላ መልስ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ታየቻትና አፈረች። በዚያው ከሰዓት አዲሱን ፈቃድ ጻፈች፦ «የስቱዲዮው ባልደረባ የሆነ ሁሉ፣ ዛሬ ያለውም ነገ የሚመጣውም፣ ሳይጠይቅ ይጠቀም። ከስቱዲዮው የለቀቀ ሰው ፈቃዱ በዚያው ያበቃል።» «ሳይጠይቅ» የሚለውን አጠፋችው። ያለ እሱ ዓረፍተ ነገሩ አልቆም አላት፤ መልሳ አስገባችው። ከዚያ ላከችው። ወንዶሰን ከልቡ አመሰገናት።

ከዚያ ወዲህ የጻፈላት የለም። አዲስ ሰው ገብቶ ይሁን አይሁን አታውቅም። ፍሬሰንበት ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ ጠበቀች። መስከረም ጠብቶ ወንዙ መጉደል ሲጀምር እሷው ቀድማ ጻፈች። መልሱ ፈጥኖ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከስቱዲዮው ለቅቄያለሁ። በፈቃዱ መሠረት ሥዕሎችዎን ከኮምፒዩተሬ አጥፍቻለሁ፤ ስጋት አይግባዎት። ከለቀቅሁ በኋላ መጻፉም ተገቢ አልመሰለኝም። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።»

ኮከብ «ሥዕሎችዎን» ከሚለው ማለፍ አቃታት። ያን ያህል የተጻጻፉበት «አንቺ» ተመልሶ «እርስዎ» ሆኗል። «ለመጻፍ የእኔ ፈቃድ አያስፈልግህም ነበር» ብላ መለሰችለት። ስትጠብቅ ሰነበተች፤ መልስ አልመጣም።

ጌሙ የወጣው በጥር ነው። ስልኳ ላይ ጭና ኛኩዎልን ጠራቻትና ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሚጫወተው ሰው ታንኳዋን በጣቱ እየገፋ ወንዙን ይወርዳል። ኛኩዎል ሸምበቆውን ስታይ ፈገግ አለች፤ ታንኳዋን እየነዳች ረጅም መንገድ ወረደች።

«የእኛ ወንዝ ነው» አለች። «ግን የሚታጠብ የለም፣ የሚያጠምድ የለም። ሰዉ የት ሄደ?»

«ሰው አልሣልኩም።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

ኛኩዎል ስልኩን መለሰችላትና ቅርጫቷን አነሣች።

«ነገ ማታር እሄዳለሁ፤ እህቴ ጋ ነው የማድረው። አብረሽኝ ነይ።»

«ሥራ አለብኝ» አለች ኮከብ። ሥራ አልነበረባትም።

በማግስቱ ጠዋት ኛኩዎልን ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ሲነሣ ኮከብ በሯ ላይ ቆማ ነበር። እጇን አውለበለበችላት፤ ባጃጁ ወደ ዋናው መንገድ እስኪታጠፍ አይታው ወደ ክፍሏ ገባች።