የመሐለቋ ድምፅ

ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ ስለ አሮጌ ብር የሚጠየቅ ሰው እኔ ዘውዱ ብቻ ነኝ። ግማሽ ብሩን አላድ፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን ተሙን፣ ከሁሉም የምታንሰውን መሐለቅ ለቅሜ ለቅሜ አንድ ጣሳ ሞልቻለሁ፤ ሦስት ብል ማን ይቆጥርብኛል? እውነተኛውን የምለየው በጆሮዬ ነው። ደጃፌ ላይ ባለችው ጥቁር ድንጋይ ላይ እጥለዋለሁ፤ ብር ከሆነ ይዘፍናል፣ እርሳስ ከሆነ ዱብ ብሎ ዝም። ጋፋት ላይ መሐለቅ ቢወድቅ እዚህ ቁጭ ብዬ ዓመተ ምሕረቱን እናገራለሁ።

ዘንድሮ ግን ዓለም ሰንፏል። በቡሄ ማሕሌት ዲያቆናቱ ጸናጽሉን እየነቀነቁ ድምፁን አላወጡትም። «ጾሙ ነው እንዲህ ያደከማችሁ?» ብዬ ዘልፌአቸው ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ እሸቴና እኅቱ ፍቅርተ መጡ። ፍቅርተ ከቤሩት ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ስትሄድ እናታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከአያታቸው የወረደችውን መሐለቅ ከሙዳይ አውጥተው «ትጠብቅሽ» ብለው ሰጥተዋት ነበር። አሁን እሸቴ «እውነተኛዋን እዚያ ሸጣ አስመስሎ የተሠራ አመጣች» ብሎ እናቱን አሳምኗል።

«አያ ዘውዱ፣ ይፍረዱን» አለች ፍቅርተ። «እማዬ የእርስዎን ቃል ሳትይዢ ደጄን እንዳትረግጪ ብላኛለች።»

መሐለቋን አገላበጥኳት። የተቀረጸባት አንበሳ ከመዳሰስ ብዛት ሟሙቶ ድመት አክሏል፤ ፊደሉም ጠፍቷል። ለዓይን የተረፈ የለም። ጣልኳት። ዝም። ደገምኩ። ዝም።

«ሐሰተኛ ናት» አልኩ።

«አላልኩሽም!» ብሎ እሸቴ አጨበጨበ። «የእናትሽን በረከት ለዓረብ ሸጠሽ!»

ፍቅርተ አላለቀሰችም። መሐለቋን አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

«ልዩነቱን ያሳዩአት እንጂ፣ ትፈር!» አለ እሸቴ።

ከጣሳዬ እንደ እምብርቴ የማውቃትን መሐለቅ መዝዤ ጣልኩ። ዝም። ሌላ ጣልኩ። ዝም። ላቤ ቁና ይሞላ ነበር። የዲያቆናቱ ጸናጽል ትዝ አለኝ።

«እሸቴ፣ ጀርባህን ስጠኝ። አንተው እየሰማህ ፍረድ።»

ዞረ። የፍቅርተን ተቀብዬ ጣልኩ።

«ይቺ የእርስዎ ናት፤ ጥርት ብላ ትጮኻለች።»

የኔን ጣልኩ።

«ይቺም የእርስዎ።»

ለማነጻጸሪያ ያኖርኩትን የእርሳስ መሐለቅ ጣልኩ።

«ይኸው የሷ! ጭቃ!»

«የሷ የመጀመሪያዋ ናት» አልኩት።

እሸቴ ዞሮ ሦስቱንም አየ። «ቆይ፣ ቅድም ሐሰተኛ ብለው አልነበር? ለእናቴ የትኛውን ቃልዎን ልውሰድ?»

«ልፈትንህ ብዬ ነው» የምትል ውሸት ምላሴ ላይ ተሰናድታ ነበር፤ ያማረች ውሸት። ግን በአንድ ጀንበር ሁለት ቃል የሰጠ ምስክር ማንን ከእናቱ ያስታርቃል? ፍቅርተ ዓይኗን ከአፌ አልነቀለችም።

«ጆሮዬ ነው» አልኩ። «ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ብር ሲጮኽ አልሰማም። ተነሡ፣ ለእትዬ ጥሩወርቅ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

መንገድ ላይ «ከጎንደር እስከ ጎጃም እንደኔ ያለ ደንቆሮ አልተፈጠረም!» ብዬ ፎከርኩ። እሸቴ ሳቀ። ፍቅርተ አልሳቀችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አያ ዘውዱ?»

ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በዐቢይ ጾም ጎረቤታቸው ዝናሽ የአባቷን ሩብ ብር አምጥታልኝ ነበር። ድንጋዬ ላይ ጥያት ዝም ስትልብኝ እርሳስ ናት አልኳት። ተናዳ ርብ ወንዝ ውስጥ ወረወረቻት።

ከእትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ቀጥሎ የዝናሽ ደጅ አለ። እዚያ ግን ድንጋይ ላይ ጥዬ የማስፈርዳት ሩብ የለችም።