የበየነ ግብዣ

በየነ ሲጋብዝ ሰው ይደነግጣል። በቶሮንቶ አበሻ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም፤ በየነ ደውሎ «እስቲ ወጣ እንበል» ካለህ አገር ቤት ሰው ሞቶብሃል ማለት ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጥፋቱ መኪና መያዙ ነው። መጀመሪያ የመረዳጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ጥሩነህ ደውለው፣ «አንተ ታክሲ አለህ፣ ልጁን ይዘኸው ዞር ዞር በል፤ እኛ ቤቱ ተሰብስበን እንጠብቃችሁ» አሉት። እሺ አለ። ሁለተኛውንም እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ እሺ እስኪል የጠበቀው የለም። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አሳስቆና አብልቶ ወደ መርዶው አድርሷል። አሁን ብሉር ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ሲገባ ወሬው ቀዝቀዝ ይላል። ሰው ሰላም ይለዋል፣ ይስመዋል፣ ከዚያ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሠርግ ላይ እንኳ አጠገቡ ያለው ወንበር መጨረሻ ላይ ነው የሚያዘው።

በፈረንጆቹ 1996፣ በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ጥሩነህ እንደገና ደወሉ።

«በየነ፣ የስለሺ እህት አርፋለች። ኤልፍነሽ።»

በየነ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ስለሺን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። በየእሁዱ ይደውልላታል፤ ደውሎ ያለችውን ደግሞ ለሰው ሁሉ እያወራ ያስቃል።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ እኔ ደክሞኛል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ማንን ልፈልግ? ነገ ልጁ ኦፍ ነው፣ ሥራ አይገባም። ቤት ከዋለ መደወሉ አይቀርም። የአጎቱ ልጅ ከኦታዋ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ምሳ አብላው፣ ስልክ አታስነካው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘኸው ና። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ አደራ።»

አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል። በየነ ስልኩን ዘጋ።

ችግሩ ስለሺ ሞኝ አለመሆኑ ነው። ምግብ ቤት እንሂድ ቢሉት ወዲያው ይነቃል። ሐይቁ ዳርም አይሆንም፤ እዚያ ሦስት ሰው ተወስዷል። በየነ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ትዝ አለው። ሐሙስ ዕለት የጫናቸው አሮጊት ፈረንጅ ሲወርዱ ሁለት የመግቢያ ትኬት ሰጥተውት ነበር። ከከተማው በስተሰሜን የሚገኝ የአንድ የድሮ ባለጸጋ የአትክልት ቦታ ታድሶ ተከፍቷል። እንደ እንግሊዝ አገር ገጠር ነው ብለውታል። አበባ ለማየት ተብሎ ለመርዶ የተወሰደ አበሻ እስካሁን የለም።

እሁድ ረፋዱ ላይ ስለሺ የሚኖርበት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ደረሰ። ከማታ ጀምሮ እስኪነጋ ሲነዳ ስላደረ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። ስለሺ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፎቁ ወረደ፤ ነገር ግን የታክሲውን በር ከመክፈቱ በፊት በመስኮቱ አጎነበሰ።

«በየነ፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ሰው ትኬት ሰጠኝ አልኩህ እኮ። ፍሪ ነው። ብቻዬን ምን ልሠራ እሄዳለሁ ብዬ ነው።»

ስለሺ ፊቱን አየት አደረገና ገባ። ቀበቶውን እያሰረ ሳቀ።

«ትናንት ኮል ስታደርግ ደሜ ደርቆ ነበር። ኋላ ጋርደን ስትል ተረጋጋሁ። ለመርዶ ጋርደን የሚወስድ ሰው የለም ብዬ።»

በየነም አብሮ ሳቀ። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚጠላው ይህችን ሳቅ ነው።

በአትክልት ቦታው በር ላይ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረጉ አስጎብኚ ሴትዮ ተቀበሏቸው። ባለቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት ከእንግሊዝ መጥቶ ልክ የመንደሩን የመሰለ የአትክልት ቦታ እንዳሠራ፣ እሱ ሲሞት ግቢው ስድሳ ዓመት ዳዋ ውጦት መክረሙን፣ በኋላ የድሮው ንድፍ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በጎ ፈቃደኞች አምስት ዓመት ሲቆፍሩ መኖራቸውን ነገሯቸው። የጡብ መንገዱን ያገኙት አንድ ክንድ ከአፈር በታች ነው። እያንዳንዱ ተክል በንድፉ ላይ የነበረበት ቦታ ተመልሷል።

«በስድሳ ዓመቱ ውስጥ በራሱ የበቀለውስ?» ብሎ ስለሺ ጠየቃቸው።

«ሁሉንም ነቀልነው» አሉ ሴትዮዋ በኩራት።

«አዬ» አለ ስለሺ በአማርኛ። «ያን ሁሉ ዘመን ምንም እንዳልሆነ አስመሰሉት እኮ።»

በየነ ሰዓቱን አየ። ገና አምስት ተኩል ነው።

ስለሺ የሚሠራው ሆስፒታል ላውንድሪ ነው፤ መስኮት በሌለው ምድር ቤት አንሶላ ሲያጥብ ይውላል። እዚህ ግን ሕፃን ሆነ። የየአበባውን ስም ያነባል፣ ሐምራዊውን ይቀነጥብና አሽትቶ በየነንም ያሸትተዋል፣ የተከረከመውን አጥር በመዳፉ ይደባብሳል። ደግሞ በየመሐሉ እህቱን ያነሳል።

«ለኤልፍነሽ ይህን ስነግራት ምን እንደምትል ታውቃለህ? የማይበላ ነገር ውሃዬን አይጠጣብኝም ነው የምትለው። ጓሯችን ውስጥ በዘይት ቆርቆሮ ሽንኩርት ትተክላለች። አንዴ የጎረቤት ሰው ጽጌረዳ አመጣላት። ተቀብላ አመሰገነችና ማታውን ነቅላ ቃሪያ ተከለችበት።»

በየነ ሳይወድ ሳቀ። የኤልፍነሽን ፎቶ አይቷል፤ በእጇ ማማሰያ ይዛ ፎቶ አንሺውን የምትገላምጥ ሴት ናት። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ምሳ የበሉት በግቢው ውስጥ ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ነው። የቀረበላቸው እንደ ጣት የቀጠነ የኪያር ሳንድዊች ነበር። ስለሺ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረና፣ «ማዶውን ያሳያል» አለ። በየነ ሌላ ሰሐን አዘዘ፤ ሐዘንተኛ ሳይበላ መርዶ አይነገረውም። ስለሺ ሁለተኛውንም ጨረሰ። ከዚያ ስለ ላውንድሪው አለቃ ማውራት ጀመረ። አለቃውን አስመስሎ ሲራመድ በየነ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። እሱም ደግሞ ታክሲው ውስጥ ሙሽራ ጥላው ስለሄደችው ኬክ አወራ። ለስንት ጊዜ እንደተጫወቱ እንጃ። በየነ ከሰው ጋር እንዲህ ተቀምጦ የተጫወተው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረና አቃተው። ለዚያች ሰዓት ኤልፍነሽንም፣ ጋሽ ጥሩነህንም፣ አሥራ አንድ ሰዓትንም ረሳ።

ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው። ሆዱ ሞልቶ፣ ልቡ ተረጋግቶ፣ ፀሐይ በምትመታው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ዓይኔን ላሳርፍ» አለ።

«አሳርፍ፣ እኔ ትንሽ ልዙር» አለ ስለሺ።

ሲነቃ አጠገቡ ሰው የለም። ስምንት ሰዓት አልፏል። የጡቡን መንገድ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ባለባርኔጣዋ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

«ጓደኛዎ የሕዝብ ስልክ ጠይቆኝ ወደ በሩ ሄደ» አሉት።

እሁድ። የስልክ ካርዱ ከስለሺ ኪስ አይለይም፤ በየእሁዱ በዚህ ሰዓት ይደውልላታል። በየነ ሮጠ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሮጠ ስንት ጊዜው። አንድ አበባ ረገጠ፤ ሴትዮዋ ከኋላው ተጣሩ፣ አልዞረም።

ስለሺ የስልኩን መቀበያ በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ፣ ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቁጥር እያነበበ ይጫናል። መጨረሻው ላይ ደርሷል። በየነ እጁን ሰደደና መንጠቆውን ተጫነው። መስመሩ ተቋረጠ።

«ምነው?» አለ ስለሺ እየሳቀ። «ልነግራት እኮ ነው፣ ስለ ኪያሩ።»

ካርዱ የተበላሸ ነው ሊለው ይችላል። አገር ቤት መሽቷል፣ ተኝታ ይሆናል ሊለው ይችላል። በየነ የዚህ ዓይነት ውሸት ሞልቶታል፤ በአሥራ አንዱ ሰው ላይ ሁሉንም ሞክሯቸዋል፣ ይሠራሉ። አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ደክሞታል፤ ቢተኙም የማይለቅ ድካም ነው። እጁን ከመንጠቆው ላይ ሳያነሳ ቆመ።

የስለሺ ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። መቀበያውን በቦታው ሰቀለ። ካርዱን ቦርሳው ውስጥ አስተካክሎ ከተተ።

«ኤልፍነሽ ናት?»

በየነ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ስለሺ በሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። አልጮኸም። የሚይዘው ዘመድ፣ አብራ የምትጮህ ጎረቤት በሌለበት እንዴት እንደሚለቀስ የጠፋው ይመስል ነበር። ሸሚዙን አፉ ላይ ጠቅልሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በየነ አጠገቡ ተቀምጦ ጀርባውን ያዘው። በአሥራ አንዱ ጊዜ ሁሉ በዚህች ሰዓት እሱ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው የሚሆነው፤ የሚይዙት ሌሎች ናቸው። ሰው ሲሰማ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያየው ዛሬ ነው። እሱም አለቀሰ።

ብዙ ቆይቶ ስለሺ አፍንጫውን ጠረገ።

«ቤት ሰው አለ?»

«እየተሰበሰቡ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ነው የተባለው። ብቻህን እንዳትሰማ ተብዬ ነበር። አበላሸሁት።»

«ሲነግሩኝ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ጋሽ ጥሩነህ አንተ ላይ ይቆጣሉ።»

በየነ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል። የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ተመልሰው ገቡ። ሴትዮዋ የተረገጠውን አበባ በእንጨት ደግፈው እያሰሩ ነበር፤ የሁለቱን ፊት አዩና ወደ አበባው ተመለሱ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ዞራ ነበር።

«ያስቃል እኮ» አለ ስለሺ፣ ዓይኑን ከጡቡ ላይ ሳያነሳ። «ምሳ ላይ፣ ዛሬ በየነ እንዲያው ለጨዋታ ብቻ ጋበዘኝ ብዬ አስቤ ነበር።»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለ በየነ።