የካሂን ባሕር ስፋት

የኔነሽ ሥራዋን ራሷ አታሞግስም፤ ሰው ሲያሞግስላት ግን «ገና ምኑን አይታችሁ!» ማለት ትወዳለች። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ሰዓት፣ መነጽርና ፎቶግራፍ ማንሻ ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት የምድር ባቡር ሰዓት ጠጋኝ የነበረው አባቷ ነው። ሴት ልጅ ሰዓት ትጠግናለች ብሎ የሳቀ ሰው ድሬ ዳዋ ውስጥ ሞልቷል፤ የሳቀው ሁሉ ግን ሰዓቱ የቆመ ዕለት እየተሽኮረመመ እሷው ዘንድ ይመጣል። እሷም «እህስ፣ ሳቁ በረደልህ?» ሳትል ሰዓቱን አትቀበልም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በበጋው ወራት፣ ካሂን መጣላት። ካሂን መጋላ ሰፈር ውስጥ ሻይ ቤት ያለው፣ አማርኛውን ከሶማሊኛና ከኦሮምኛ ጋር በአንድ ብርጭቆ በጥብጦ የሚናገር ሰው ነው። ያን ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር አንድ ጉድ አስመጥቶ ነበር፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል የመተኮሻ ጨዋታ ሳጥን። ስሙኒ ትከትና ፊትህን ከጎማው መመልከቻ ላይ ትለጥፋለህ። ውስጡ ሰማያዊ ባሕር አለ፤ የቆርቆሮ መርከቦች ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋሉ። ቁልፉን ስትጫን ቀይ መብራት ከአንተ ተነስቶ ውሃው ላይ እየተሳበ ይሄድና መርከቡን ካገኘው «ጓ!» ይላል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ዕቃው ደህና ቢሆን ነው፤ መንገድ ላይ የመመልከቻው ሌንስ ዱቄት ሆኖ ነው የደረሰው።

«ወላሂ የኔነሽ፣ ባሕሬ ታወረ!» አላት ካሂን።

«ማየት እንዲችል አድርጌ እሰጥሃለሁ። አንተ ብቻ አትነዝንዘኝ።»

ከአባቷ የወረሰችው ሙሉ ሣጥን ሌንስ ነበራት፤ ችግሩ የትኛው ይግባ ነው። መጀመሪያ ሰፊ የሚያሳየውን አስገባች። ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ወለል አለ፤ መርከቦቹ ግን ምስር አከሉ። ካሂን ጎንበስ ብሎ አየና «አቦ፣ ይሄ መርከብ ነው ቁንጫ?» አለ። ቀጥላ ጠባቡን ሞከረች። መርከቡ ቤት አከለ፤ ምን ይሆናል ታዲያ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፊትህ ላይ ዱብ ይልና ሳትነቃ ያልፋል። ካሂን አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ራሱ ዞረበትና ሎሚ አምጡልኝ ብሎ ተቀመጠ።

የኔነሽ ነገሩ ቶሎ ገባት። ቀዩ መብራት መርከቡ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ የምትተኩሰው መርከቡ ያለበት ላይ ሳይሆን የሚደርስበት ላይ ነው። ከዳር ጀምሮ ሲመጣ ካላየኸው የት እንደሚደርስ በምን ታውቃለህ? ሲመጣ እያየኸው ደግሞ ምስር ካከለ ምኑን ትመታዋለህ? ሦስት ቀን ረጅሙንም አጭሩንም እያስጎነበሰች ዓይናቸው ከሌንሱ ስንት ጣት እንደሚርቅ ለካች። በመጨረሻ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት ቱቦ ሠርታ፣ የባሕሩ ሁለት ዳር ከመመልከቻው ጠርዝ ጋር ልክ ሲገጥም፣ መሃል የደረሰው መርከብ መስኮቱ ሲቆጠር፣ እዚያ ላይ በብሎን አሰረችው።

«ልኩ ይህ ነው» አለች። ልኩም እሱ ነበር።

መጋላ እዚያ ሻይ ቤት ፈሰሰ። ከሁሉ የባሰበት ግን ክፍሉ የሚባለው የገዛ ወንድሟ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ይጠብቃል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህ ልጅ በሁለተኛው ቀን ከአሥር አሥር መታ! ካሂን ተደሰተና ስሙን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ አሥር የመታ ሁሉ ስሙ ይጻፍልኝ ይል ጀመር፤ በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ስም ተደረደረ፣ ክፍሉ ከላይ። የኔነሽማ «የወንድሜን ስም አጉላው እንጂ፣ ጠመኔ አለቀብህ?» ብላ ካሂንን ሁለት ጊዜ አስደምቃዋለች። «ምነው ምላሴን በቆረጠው» ትል ነበር በኋላ።

ማክሰኞ ዕለት ጓድ ማዘንጊያ ሻይ ሊጠጣ ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ በዚያ ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ወርዶበት መንገድ ላይ ከወጣት በቀር ሌላ ፍጥረት አይታየውም ነበር። ሻዩን ፉት እያለ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

«ይህ ሁሉ አነጣጣሪ ተሸሽጎብኝ ነው እኔ የምለፋው?»

ካሂን ምላሱ ፈጣን ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። «አይ አቦ ጓድ ሊቀመንበር! ይሄን አምነህ? ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚጽፉት፤ ውሸት ነው፣ ሁሉም ጉረኛ ነው!»

ጓድ ማዘንጊያ ሳቀ፤ ደብተሩን ግን አላጠፈም። «እንግዲያው በዓይኔ አያለሁ። ቅዳሜ አራት ሰዓት አሥራ አንዱም እዚሁ ይቅረቡ። ከአሥር ሰባት የመታ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ነው። የቀረ ደግሞ ቤተሰቡ ይጠየቃል።»

ወሬው ከዚራ ሲደርስ የኔነሽ የያዘችው ሰዓት ከእጇ ወደቀ። ታላቅ ወንድማቸው ሀብተ ማርያም በሰባው የሶማሊያ ጦርነት እንደወጣ ቀርቷል፤ ሬሳውም አልመጣ፣ ወሬውም አልመጣ። እናታቸውን የገደላት ያ ነው፣ ሐኪሙ ምንም ይበል ምን። አሁን ደግሞ ክፍሉ! ፈራች። ፍርሃት ግን እሷ ላይ ብዙ አይሰነብትም፤ ወዲያው ወደ ቁጣ ይዞርላታል።

ማታውን ራት ላይ «ክፍልዬ፣ ቅዳሜ ሆን ብለህ ሳት» አለችው።

«እኔ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«እትዬ፣ አንቺ ሰው እያየሽ መነጽር አጣመሽ ትሠሪያለሽ?»

ኩራቱን ከማን ወሰደው ይባላል እንግዲህ? «ሁርሶ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብትለው «ሰው የሄደበት ነው፣ እሄዳለሁ። ፈሪ ተብዬ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ አልኖርም» ብሎ እጁን ታጠበ። ከዚያ በኋላ ብትለምነው ብትቆጣው ወይ ፍንክች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬ ዳዋ በሙቀቱ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ የኔነሽ መፍቻዋን ይዛ ካሂን ዘንድ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። ሽቦውን ብትበጥሰው አሻጥር ተብሎ ካሂን ይታሰራል። ሰፊውን ሌንስ ብታስገባ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ምስሮቹን ሲያይ ወዲያው ይነቃል። ጠባቡ ግን፣ አዎ፣ ጠባቡ! መርከቡን ቤት አሳክሎ ሲያሳየው «እንዴት ቀላል ነው!» የማይል ሰው የለም። እንዲህ ግዙፍ ሆኖ የሚታይ ነገር የማይመታ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«ራስ ያዞራል'ኮ» አለ ካሂን በሩን እየዘጋላት።

«ይዙር። የዞረ ራስ ይመለሳል።»

«ሥራሽን ያሙታል፣ እህቴ። የኔነሽ እጇ ከዳት ይላሉ።»

«ይበሉ!» አለች፤ ብሎኑን ስትፈታ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር። በሕይወቷ አበላሽታ የሰጠችው ዕቃ አልነበረም። እይታው እንዲጠብ ቱቦውን አራት ጣት ስባ አሰረችውና ሳትሞክረው ወጣች። መሞከር አላስፈለጋትም፤ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሻይ ቤቱ ጢም አለ። ጓድ ማዘንጊያ መጀመሪያ ራሱ ጎንበስ አለ።

«ወይ ጉድ! ይህን የሚያህል መርከብ! ይህንማ አያቴም ትመታዋለች!» ብሎ አምስት ተኮሰ። አምስቱንም ሳተ። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ፤ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ለሙከራ ነው» አለ። ከዚህ በኋላ ዕቃው ተበላሽቷል ሊል አይችልም፤ በገዛ አፉ ቀላል ነው ብሏል። የኔነሽ ከጀርባው ቆማ ልቧ ሞላ።

ልጆቹ ተራ በተራ ቀረቡ። አንዱ ሁለት መታ፣ አንዱ አንድ፣ አንዱ መሃል ላይ ማቅለሽለሽ ይዞት ወደ ደጅ ሮጠ። ያ ሁሉ የግድግዳ ጀግና እንደ ጉም በነነ። «የኔነሽ ምን ነክቷት ነው?» የሚል ሹክሹክታ ጆሮዋ ገባ፤ እንዳልሰማ ሆነች። አሥሩም ወደቁ።

አሥራ አንደኛው ክፍሉ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ፊቱን ጎማው ላይ ለጠፈ። አንደኛውን ሳተ። ሁለተኛውን ሳተ። ሦስተኛውንም ሳተ፤ የኔነሽ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ልጁ ጣቱን ከቁልፉ አንስቶ ሁለት መርከብ ሳይተኩስባቸው አሳለፈ። ምን እየሠራ ነው? ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል ሲያደርግ አየችና ደነገጠች፤ እየሰማ ነው! መርከቦቹን የሚጎትተው ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ መርከብ ከመውጣቱ በፊት ቀጭ ይላል። እሷ ስለ ዓይኑ ነው ያሰበችው፤ ጆሮ እንዳለው መች አስታወሰች?

ቀጭ፤ «ጓ!» አራተኛውን መታ። አምስተኛውንም። ሕዝቡ መቁጠር ጀመረ። ሦስት! አራት! የኔነሽ ወንድሟ ብልህ በመሆኑ በዚያች ሰዓት ረገመችው፤ ወዲያው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል መንገዱን ያገኘ እሱ ብቻ በመሆኑ ኮራችበት። አምስት! ዘጠነኛው ጥይት ሲመታ «ስድስት!» ብሎ ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ጓድ ማዘንጊያ እርሳሱን አወጣ። የቀረው አንድ ጥይት ነው።

ክፍሉ ጭብጨባውን ሰምቶ ፊቱን ከጎማው አነሳ። ፈገግ ብሏል፤ በዓይኖቹ ዙሪያ የጎማው ክብ ታትሟል። ሕዝቡን አየ፣ እርሳሱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። የኔነሽ ፊቷን ኮስተር ልታደርግ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ወንድሟ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። የእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ እሱን ስታባብል ነው የዋለችው። ፈገግታው ጠፋ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ ተኩስ!» አለ ጓድ ማዘንጊያ።

ክፍሉ ፊቱን መልሶ ለጠፈ። የኔነሽ ሰንሰለቱን አዳመጠች፤ ገና ቀጭ አላለም። ልጁ ቁልፉን ተጫነ። ቀዩ መብራት ባዶው ባሕር ላይ ብቻውን ተስቦ ሄደና ጠፋ። መርከቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ወይኔ!» አለ ሕዝቡ።

«ስድስት» አለ ጓድ ማዘንጊያ ቅር ብሎት። «ለጥቂት አመለጥከኝ።» እርሳሱን ኪሱ ከተተና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ምነው ክፍሉ፣ መጨረሻ ላይ ፈራህ እንዴ?» አለው። ሁሉም መልሱን ሊሰማ ዞረ። የኔነሽ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ በዚህ ቃል ጥርስ የሚያወልቅ ልጅ ነው።

ክፍሉ ልጁን ቀና ብሎ አየው። «አዎ» አለ፣ ደጅ ያሉትም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፤ «ፈራሁ።» ከዚያ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቆ መጥቶ የእህቱን እጅ ያዘና ወደ ቤት ሄዱ።