የድንኳኑ ግማሽ

«እሺ ብያታለሁ» አለ አንሙት፣ ፔዳሉን መርገጡን ሳያቆም።

እስከዳር ከኋላው ነበረች። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ጎማዋን ወደ ጎን እያንሸራተተ ስላስቸገራት፣ የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነበር።

«ማንን?»

«እማዬን። መንኩሺ ብያታለሁ።»

ብስክሌቷን አቁማ አንድ እግሯን መሬት አስነካች። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቁይ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሐሳባቸው ሁሉ ከዓባይ ቆላ አፋፍ ካለው የሴቶች ገዳም ገብተው ቆብ መጫን ነበር። ባለፈው ፋሲካ ሁለቱን ልጆቻቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ «ሁለታችሁም እሺ ካላላችሁኝ አንድ እግሬን አላነሳም» ብለዋል። እስከዳር ያን ቀን ዝም አለች፤ ክረምቱንም በዝምታ አሳለፈችው። ይህን የብስክሌት ጉዞ የተቀበለችውም ለዚሁ ነበር። የጮቄን ተራራ ተሻግረው፣ በሞጣ ወርደው፣ በቢቸና ዞረው ቁይ እስኪደርሱ መንገድ ላይ ተነጋግረው አንድ ቃል ይዘው ሊገቡ አስበው ነው የወጡት።

«አንተ እሺ ማለት ትችላለህ» አለች። «ያንተ ቃል ያንተ ነው። እኔ ገና እያሰብኩ ነኝ።»

አንሙት አሁን ቆመ። ዞሮ ግን አላያትም።

«አንቺም እሺ እንዳልሽ ነው የነገርኳት።»

ነፋሱ ከዳገቱ ራስ እየወረደ የገብሱን ማሳ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። እስከዳር ያንን ትንሽ አየችና «ዋሸሃት» አለች።

«ዋሸኋት። በደወለች ቁጥር ‹እኅትህ ምን አለች› ነው። የምመልሰው አጣሁ።»

ቢክድ ይሻላት ነበር።

«ነገሩ ገብቶኛል» አለች። «እሷን መጦር ሰልችቶሃል። ቁይ ድረስ መመላለሱ ከብዶሃል። ገዳሙ ይረከብልኝ ነው የምትለው።»

ይህን ስትናገር እውነት እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። የእናታቸውን ጣራ የሚጠግነው፣ እህላቸውን የሚያስፈጨው፣ በየበዓሉ ዋዜማ በግ ጎትቶ የሚሄደው እሱ ነው፤ እሷ የምትሄደው ሲመቻት ነው። አንሙት መሪውን አቃንቶ ወደ ላይ ነዳ። ጀርባው ከመታጠፊያው ሲሰወር እሷ ገና እንደቆመች ነበር።

ይህን ጉዞ ያመጣው እሱ ነው። አንሙት ደብረ ማርቆስ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ እሷ እዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት ይጁቤ ደርሶ መመለሱ አንሶት፣ መንገድ ላይ እያደሩ ሩቅ መሄድ ካማረው ቆይቷል። ለዚህም ክረምቱን ሙሉ ዕቃ ሲያሰባስብ ከረመ። አዲስ አበባ ባለ ጓደኛው በኩል ሲጠቀለል በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሲተከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስተኛ ድንኳን አስመጣ። ሁለት ባለ ላባ የመኝታ ከረጢቶችና በትንፋሽ የሚነፉ ሁለት ቀጫጭን ፍራሾችም አገኘ። በብስክሌቶቹ ጎን የሚንጠለጠሉትን ቦርሳዎች ከጭነት መኪና ሸራ ልብስ ሰፊ ዘንድ አሰፋቸው።

ሊነሱ ሲሉ ይህን ሁሉ እሷ ቤት ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ አንዱን እያነሳ አንዱን እያስቀመጠ በእጁ ሲመዝን አመሸ። ምድጃው ቀረ፤ በሶ እሳት አይፈልግምና። የእሷን ፎጣ ከሁለት ቀደደው። ስትቆጣው፣ «ዳገት ላይ ላባም ድንጋይ ነው» አላት። ድንኳኑንም ለሁለት ከፈለው፤ ጨርቁን እሱ ጫነ፣ ዘንጎቹንና ካስማዎቹን እሷ ጫነች። ያን ጊዜ ተለያይተው ሊያድሩ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ደመናው ከሰዓት በኋላ ወረደ። መጀመሪያ ጉም ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ጠብታ፣ ቀጥሎ በረዶ። እስከዳር ብስክሌቷን እየገፋች ነበር። በረዶው የራስ ቁሯን ሲደበድበው ዙሪያዋን ቃኘች። ከመንገዱ በታች፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ አንድ ግቢ አለ፤ ከቤቱ ጣራ ጢስ ይወጣል። ወደዚያ ታጠፈች።

ከበራፉ ላይ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ጢማም ቄስ ቆመው ነበር። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ። «ብረቷንም አስገቢያት፤ እሷም ይበርዳታል።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ይባላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ደረቅ ጋቢ አልብሰው እሳቱ ዳር አስቀመጧት። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡላት። በመለኪያ ከተቀዳላት አረቄም ቀመሰችና የደነዘዙ ጣቶቿ ነፍስ ዘሩ።

«ከየት ነሽ?» አሉ ቄሱ።

«ከማርቆስ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነበር። ከወጣ በኋላም አልመለሰችውም። እሱ ከእሷ ይልቅ ጉልበት አለው፤ ይኼኔ አንዱ ቤት ገብቶ ድንች እየላጠ ይሆናል። እንዲያውም ትንሽ ቢርደው ምን ነበረበት፣ አለች በልቧ። ድንቹን ልጣ በላች።

ወይዘሮ ዘመናይ የራሰውን ቦርሳ አይተው፣ «ዕቃሽን አውጪውና እሳት ይየው» አሏት። እስከዳር የመኝታ ከረጢቷን አወጣች። እሱስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር አልራሰም። ሴትዮዋ ዳሰሱት፤ እጃቸው ውስጥ እንደ ሊጥ አበጠባቸው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«የዳክዬ ላባ።»

«ላባ ለብሰሽ ነው የምታድሪ?» ብለው ሳቁ፤ ግን እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። «ሙቀቱስ ያስቀናል።»

ቄስ ገብረ ኪዳን የዘንጎቹን ጥቅል አንስተው ክሩን ፈቱት። ውስጥ ለውስጥ በላስቲክ ገመድ የተያያዙት ቁርጥራጮች ተራ በተራ እየዘለሉ ገጠሙና እጃቸው ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ሆኑ። ቄሱ ደንገጥ ብለው ከራሳቸው አራቁት፤ ከዚያ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ይኼስ?»

«የድንኳን ምሰሶ ነው አባ።»

«መልካም። ምሰሶው እነሆ፣ ካስማውም እነሆ። ድንኳኑስ የታል?»

እስከዳር እሳቱን አየች።

«ወንድሜ ጋ ነው።»

«ወንድምሽስ የታል?»

«ወደ ላይ ሄዷል።»

ቄሱ ምን አጣላችሁ ብለው አልጠየቋትም። ለምን ብቻዬን ነኝ አልሽም አላሏት። ዘንጉን ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡና ጃንጥላቸውን ከግድግዳው አነሱ።

«ከዚህ በላይ ቤት የለም» አሉ። «ጅባራና ነፋስ ብቻ ነው።»

እስከዳር የልብሷን መራስ እንኳ አላስተዋለችም። ዘንጎቹን፣ ካስማዎቹን፣ ፍራሿንና የመኝታ ከረጢቷን በክንዷ ሰብስባ ወጣች። በረዶው ቆሞ ዝናብ ብቻ ቀርቷል፤ መንገዱ ግን ጨው እንደተበተነበት ነጥቷል። ቄሱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ጠጠሩ ላይ እየተከሉ ፊት ፊት ሄዱ። እርምጃቸው ፈጣን ነበር። ስሙን ጠየቋትና በየመታጠፊያው «አንሙት» እያሉ ተጣሩ። የሚመልስ አልነበረም። ከመጨረሻው ማሳ በላይ ሣሩ ብቻ ቀረ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡት የጅባራ ተክሎች ጉሙ ውስጥ እንደ ሰው እየቆሙ ሁለት ጊዜ አታለሏት።

አንሙትን ያገኙት፣ መንገድ ሠሪዎች በከመሩት ድንጋይ ጥግ ነበር። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ የድንኳኑን ጨርቅ በላዩ ጥሎ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭኖታል። ነፋሱ አንዱን ወገን ነቅሎ ያራግበዋል። አንሙት ከስር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የለበሰው የመኝታ ከረጢት ርሶ፣ ላባው እዚህም እዚያም ተጓጉሎ ጨርቅ ብቻ ሆኗል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አያትና አፉን ሊከፍት ሞከረ።

«ዘንግ የለኝም» አለ። ምላሱ ታስሮ ነበር።

«እኔ ጋ ነው» አለች።

ቄሱ ጃንጥላቸውን በነፋሱ ወገን አድርገው ቆሙላት። ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ዘንጉን ከቀለበቱ አሳልፋ ለማስገባት ደጋግማ ሳተች። በመጨረሻ ዘንጎቹ ተለምጠው ገቡ፤ ጨርቁ ተነሥቶ ጎጆ ሆነ። ካስማዎቹን በድንጋይ መታች። ፍራሹን በገዛ ትንፋሿ ነፋች፤ ራሷ እስኪዞር ድረስ። የወንድሟን እርጥብ ልብስ ገፍፋ፣ በራሷ ደረቅ ከረጢት ውስጥ እስከ አንገቱ ዘጋችውና ከጎኑ ተጋድማ አቀፈችው። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ተቃቅፈው አያውቁም።

«ቤት እያለ ሜዳ ላይ?» አሉ ቄሱ ከውጭ።

«አባ፣ አሁን ካስነሣሁት እንደገና ይበርደዋል። እዚሁ ይሙቅ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው በድንኳኑ አፍ ወደ ውስጥ ገፉት። «በጠዋት እመጣለሁ» ብለው በቀሚሳቸው ብቻ ጃንጥላ ይዘው ወረዱ።

ለብዙ ጊዜ የጥርሱ መጋጨት ብቻ ነበር የሚሰማት። ቀስ በቀስ እየተራራቀ ሄደ። ቃላቱም መስተካከል ጀመሩ።

«ላስቲኩን ለምን ተውከው?» አለችው። «የኔን ጠቅልለህ ያንተን እንዲሁ?»

«እንዲቀለኝ ብዬ።»

ሳቋ መጣ፤ ያዘችው። አንሙት ዓይኑን ጣራው ላይ፣ ውኃው እየተንኳለለ በሚወርድበት ስስ ጨርቅ ላይ ተክሎ ነበር።

«በፍልሰታ ስሄድ» አለ፣ «አልጋዋን ለጎረቤት ሰጥታው ደረስኩ። ቁርበት አንጥፋ መሬት ነው የምትተኛ። ምነው እማዬ ብላት ‹አልጋው ሰፋኝ› አለችኝ።»

እስከዳር ያን አልጋ ታውቀዋለች። አባታቸው የታመሙበትም የሞቱበትም ነው።

«ስኳሯስ?» አለች። «መድኃኒቷን ማን ያስታውሳታል? በጾም እንዴት ልትሆን ነው?»

«እመምኔቷን አነጋግሬያለሁ። ቆላው ድረስ ወርጄ። ስኳር ያለባቸው ሌሎችም እናቶች አሉ፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው።»

«መቼ ነው የወረድከው?»

«በነሐሴ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስነግርሽ ስለ ስኳር ነው የምታወሪኝ» አለ። «የከበደሽ ግን ስኳሩ አይመስለኝም።»

ነፋሱ ድንኳኑን ከአንድ ወገን ገፋው፤ ዘንጎቹ ጎብጠው መልሰው ቀኑ። እስከዳር የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻው ሳበችለት።

«እሷ ከገባች ቁይ ምን አለን?» አለች። «በዓል ሲመጣ የት ነው የምሄደው?»

አንሙት ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ነበር።

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ፣ የድንኳኑ ጨርቅ ውጭ ውጩን በውርጭ ደርቆ ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን የወይዘሮ ዘመናይን ትኩስ የገብስ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። አንሙት ቆሞ በላ። የከንፈሩ ጥቁረት ለቆት ደኅና ሆኗል። በልቶ ሲጨርስ ድንኳኑን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ካስማ መንቀል ሲጀምር የእስከዳር ስልክ ጮኸ። ከዚያ ከፍታ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነበር።

«የት አደራችሁ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት።

«ጮቄ ላይ፤ ድንኳን ውስጥ።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

«በረዳችሁ?»

«አንሙትን በርዶት ነበር። አሁን ደኅና ነው።»

እናቷ ተነፈሱ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል፤ ሰው ደጁን ያንኳኳል፤ እሳቸው አልሄዱም።

«ያልሽውን ነግሮኛል» አሉ። «ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው የቆየሁ። ከልብሽ ነው ልጄ?»

አንሙት ካስማውን እንደያዘ ቀረ። የእናቱ ድምፅ ከስልኩ ውጭም ይሰማ ነበር። ቀና ብሎ እኅቱን አላያትም፤ ከካስማው ጫፍ ላይ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ይጠርግ ጀመር። ቄስ ገብረ ኪዳን ጋቢያቸውን እያራገፉ ወደ መንገዱ ዞር አሉ። እስከዳር «እሺ አላልኩም» ብትል ገዳሙ እንደሚቀር፣ እናቷ ቁይ እንደሚቆዩ፣ በየበዓሉም በሩን ከፍተው እንደሚጠብቋት ታውቃለች። ወንድሟም ውሸታም ሆኖ እንደሚቀር ታውቃለች።

«ከልቤ አይደለም እማዬ» አለች። «ግን እሺ ብያለሁ።»

ከወዲያ ማዶ ደጁ አሁንም ይንኳኳል። እስከዳርም ስልኩን አልዘጋችም።