ሙሽሪትን የሚያህል ገብስ

ዋሴ ሞተር ብስክሌቱን ያበላሸው ለሚስቱ ሲል ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ያን ሰሞን ንፋስ መውጫ ውስጥ በየደጃፉ ይወራ የነበረው ሌላ ነበርና። «እጁ አላርፍ ብሎት» ያለው አለ፤ «ፈረንጅ የሠራውን ላሻሽል ብሎ» ያለውም አለ። ወሬኛ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። አንድ ቀን እንኳ ሞተር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ የሞተር አዋቂ ሆኖ ከረመ።

ሞተሩ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ሲባረር አንድ ባላባት ግቢ ተጥሎ ቀርቶ፣ ለብዙ ጊዜ ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት ኖሯል። ዋሴ በልጅነቱ ጎንደር አንድ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሲያቀብል ያደገ ሰው ነውና ዝገቱን በጋዝ አጥቦ፣ የጎደለውን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ አስነሣው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በታማኝነት አገልግሎታል። አንድ ክፉ ዓመል ብቻ ነበረው፤ የኋላ ሞላዎቹ ደረቅ ናቸው። ጠጠር ሲረግጥ ጠጠሩን እስከ ማጅራት ያደርሰዋል። የጋይንት መንገድ ደግሞ ከጠጠር በቀር ምን አለው። ቢሆንም ጤነኛ ሰው ይችለዋል፤ ዋሴም ችሎት ኖረ።

ሚስቱ የሻረግ ግን ጤነኛ አልነበረችም። አምና «ወገቤን» ብላ ተኛች፤ ዘንድሮ ጀርባዋ ላይ አጥንቱ አበጠ። የደብረ ታቦሩ ሐኪም አይቷት፣ አጥንቷን በሽታ እየበላው እንደሆነ፣ በየሳምንቱ መርፌ ካልተወጋች መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎም እሷ ራሷ እንደምትሄድ ለዋሴ ለብቻው ነገረው። ያኔ የወሰዷት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ነበር። ሽቅብ ቁልቁሉ ከሕመሟ የባሰ አሠቃያት። ስትመለስ፣ «ሁለተኛ ቃሬዛ ላይ አታውጡኝ» አለች። «በቃሬዛ የምሄደው አንዴ ነው፤ ያኔ ደግሞ አይሰማኝም።» በቅሎም ተሞከረ፤ ከከተማው ሳትወጣ ራሷን ሳተች። የጭነት መኪናው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። የቀረው ሞተሩ ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ደግሞ ያቺን ወገብ አይምራትም።

ስለዚህ ሞላውን ለወጠ። ቆዳ ነጋዴው ሐጂ ጁሃር ግቢያቸው ውስጥ የቆመ አሮጌ ካሚዮን አላቸው። የሾፌሩ ወንበር ውስጥ የነበሩትን ለስላሳ ሞላዎች፣ «ውሰድ፤ አላህ ያሽራት» ብለው ሰጡት። ዋሴ ደረቆቹን አውጥቶ እነዚያን አስገባ።

የሻረግ ጋቢዋን እንደተከናነበች ወጣች። ማንም እንዲያነሣት አትፈቅድም ነበር፤ ስትነካ ያማታል። ከመኝታዋ ግድግዳ ይዛ ትነሣለች፣ ደጃፉ ላይ ካለው በቅሎ መውጫ ድንጋይ ላይ ራሷ ትወጣለች፤ የዋሴ ሥራ እጁን ዘርግቶ መቆም ብቻ ነው። ከኋላው ተቀመጠች፣ ሞተሩም ተነሣ።

«ጠጠሩን ማን ለቀመው?» አለች ጥቂት እንደሄዱ።

ከታመመች ወዲህ ስትቀልድ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር። ዋሴ እንባውን በክንዱ ጠረገ። ነፋሱ ነው ብላ ታስብ ይሆናል ሲል ደስ አለው።

ደስታው እስከ ቁልቁለቱ ነበር። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ማዘቅዘቅ ሲጀምር መሪው እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኋላው ይሰምጣል፣ ይነሣል፤ ፊቱ መሬት የረሳ ይመስል ወዲያና ወዲህ ይላል። ዋሴ በሁለት እግሩ ጠጠሩን እየጎተተ አቆመው።

«አንተ፣ ሞተርህ ጠጥቷል» አለችው። ሞተሩን እየገፋ፣ እሷን እንዳስቀመጠ ወደ ቤት መለሳት።

ይህ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ እስከ መስከረም ደብረ ታቦር አይታሰብም። የሻረግ ደግሞ እስከ መስከረም እንደማትቆይ ዋሴ ያውቃል። ሌላው ሰው ጠዋት ጠዋት ወደ ጉና አንጋጦ ዝናብ ሲለምን፣ እሱ ያንኑ ተራራ ደመና እንዳይይዝ ይለምነው ነበር።

መጀመሪያ የመሪውን ብሎን አጠበቀ። መንቀጥቀጡ ተወው፣ ግን ሞተሩ እልኸኛ ሆነ፤ አንዴ ወደ ገደል ካየ መመለስ እንቢ ይላል። ቀጥሎ ፊቱ እንዲከብድ ብሎ ከመብራቱ ሥር ድንጋይ አሰረ። የገበያ ሰው ቆሞ ሳቀበት፤ ፍሬኑም ድንጋዩን መያዝ አቃተው። ከብዙ ድካም በኋላ የገባው ነገር ቀላል ነው። ብቻውን ሲነዳ ሞተሩ ምንም አይልም። የሻረግ ስትቀመጥ ለስላሳው ሞላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው ያብዳል። መድኃኒቱ ከሞላዎቹ ሥር የወይራ ቁራጭ እየጨመሩ፣ እሷ ስትቀመጥ ኋላው በልኩ ቀና እንዲል ማድረግ ነው። ቁራጩ ካነሰ ይሰምጣል፤ ከበዛ ደግሞ ኋላው ሽቅብ ይቆማል፣ ሞላውም ይደርቃል። ልኩን ለማግኘት ደጋግሞ መንዳት፣ ደጋግሞ መፍታት ያስፈልጋል። የሻረግን ግን እንዴት ደጋግሞ ይጫናት? አንዷ ጉዞ ሦስት ቀን ታስተኛታለች። ክብደቷን የሚያህል ሌላ ነገር መጫን ነበረበት።

«ሐጂ ጁሃር ዘንድ ሚዛን አለ» አላት። «አንዴ ብቻ ብትቀመጪበት።»

«ቆዳ የሚመዝኑበት?»

«ሚዛን ያው ሚዛን ነው።»

«በሕይወት ያለ ሰው ሲመዘን የት አይተሃል? ከተገፈፍኩ በኋላ ውሰደኝ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ። ዋሴ ሊጨቃጨቃት አንጀቱ አልቻለም።

ቅዳሜ ሙላው ለገበያ መጣ። ሙላው የሠርጋቸው ሚዜ ነው። ከከተማው ወረድ ብሎ ያርሳል፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የሻረግን «ሙሽሪት» እንዳለ ነው፣ እሷም «ወንድም ዓለም» ትለዋለች። ዋሴ ችግሩን ሲነግረው ሙላው ሳቀ።

«ለዚህ ነው የምትጨነቅ? ከናቷ ቤት እስከ በቅሎው ማን አዘላት? እግሯ መሬት እንዳይነካ ያን ሁሉ ዳገት ይዣት ወጥቻለሁ። እኔ ብረሳ ጀርባዬ አይረሳም። ገብስ አምጣ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን የሆኑት። ዋሴ ጆንያ አመጣ፤ በቁና እየሰፈረ ገብስ ጨመረበት። ሙላው ጆንያውን አዝሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ አጥሩ በር ይሄድና ይመለሳል። «ጨምር» ይላል። እንደገና ይሄዳል። «ጨምር።» ጎረቤት ተሰብስቦ እልል አለላቸው። በመጨረሻ ሙላው ከበሩ ላይ ቆመ።

«ይህቺ ናት» አለ።

የሻረግ ደጃፉን ተደግፋ ስታይ ነበር። «ያን ያህል ከብጄህ ነበር፣ ወንድም ዓለም?»

«ቅቤውና ጌጡ ጭምር ነው፣ ሙሽሪት።»

በጋቢዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። ጋቢው ሥር ምን እንደቀረ ለማሰብ የደፈረ አልነበረም። ዋሴ በየቀኑ ያያታል፤ በየቀኑ የሚያይ ሰው ደግሞ ከትናንት ጋር ነው የሚያስተያየው፣ ከትናንት ዛሬ የጎደለው ጥቂት ነው። መክሳቷን ያውቃል። መክሳት ግን ለሱ የፊት ነገር ነበር፣ የጉንጭና የዓይን። በክብደት አስቦት አያውቅም።

ገብሱን ኋላ ላይ አስሮ ሥራውን ጀመረ። ወይራ እየጠረበ ከሞላው ሥር ያስገባል፣ ይነዳል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠርባል። ልኩን በስንዝር ያዘው፤ ከጎማው እስከ ላይኛው ፓራፋንጎ፣ እስከ ጭቃ መከላከያው፣ አንድ ስንዝር ሲሆን ሞተሩ ቀጥ ይላል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ተሳካለት። ቁልቁለቱን ገብስ ጭኖ ወረደ፤ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ወረደ። ሲመለስ ያቺን ጆንያ አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ተነሡ። የጉና ራስ ጠቁሯል። የሻረግ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ዋሴም ጎማው እንዳይጎትተው ጋቢዋን ሰብስቦ አሰረላት። እጁ ያን ጊዜ ፓራፋንጎው አጠገብ ነበር። ስንዝሩን ዘርግቶ ቢለካ ሁሉን ነገር ያውቅ ነበር። አልለካም። ገብሱን አምኗላ። ማልዶ የመጣው ሙላው እስከ ከተማው ዳር ልሸኛችሁ ብሎ በእግሩ ከኋላ ተከተለ።

ሞተሩ ገና ከመነሻው ተራገጠ። ለስላሳው ሞላ ደርቋል፤ እያንዳንዱ ጠጠር ያነጥራቸዋል። የሻረግ የጋቢዋን ጫፍ ነከሰች። ዋሴ የትንፋሿን መቆራረጥ ጀርባው ላይ ይሰማዋል፤ ቀስ አለ፣ ሞተሩ አልተሻለውም። ቁልቁለቱ ላይ ኋላው ሽቅብ ተነሣ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፣ መሪው ከእጁ አምልጦ ተቅለበለበ። ዳር ካለው ሣር ላይ ወደቁ።

ዋሴ ክርኑ ተላጠ። እሷ በጎኗ ወድቃ ነበር። ሙላው እየሮጠ ደረሰ። ሁለቱም «አትንኩኝ» እስክትል ጠበቁ፤ አላለችም። ለዚያ እንኳ አቅም አልነበራትም። ሙላው ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት፣ ዋሴ ደግፎ አሳዘለው፣ ሙላውም ተነሣ።

ተነሣና ቆመ። መሄድ አቃተው። ጀርባው ላይ ያለውን ለማረጋገጥ አንዴ ከፍ አደረገው፤ ፊቱ ሲለወጥ ዋሴ አየ።

«ምነው?»

«ገብሱን አጉድል» አለ ሙላው።

«ስንት ላጉድል?»

«እኔ እንጃ። አጉድል ብቻ።»

በዚያው እንዳዘላት ዳገቱን ወጣ። አንዴም አላረፈ።

ቀኑን ሙሉ ደመናው እየወረደ መጣ። የሻረግ ውስጥ ተኝታለች። ሁለቱ ሰዎች ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፈው ጆንያውን ፈቱ። ዋሴ በቁና ያወጣል፣ ሙላው ያዝላል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ያወጣል፤ ይነቀንቃል። ሙላው በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም፤ እስከ በሩም አልሄደም። ማንም እልል አላለም። በአጥር ብቅ ያለች ጎረቤትም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ቁርበቱ ላይ ያለው ክምር ጆንያው ውስጥ ከቀረው በለጠ። ዋሴ ቁናውን እንደያዘ ክምሩን አየው። ከቤቱ፣ ከአልጋው፣ ከእቅፉ ይህ ሁሉ ሲወጣ የት ነበርኩ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ነበረ እኮ። እዚያው ነበረ፤ ወይራ ሲጠርብ።

«ይህቺ ናት» አለ ሙላው፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። ጆንያውን አስቀመጠና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ዋሴ መሪውን አቃንቶ፣ ያን ሁሉ የተጠበበበትን ወይራ ከሞላው ሥር አንድ በአንድ አወጣው። ጥቂት ስስ ቁራጭ ብቻ ቀረ። ጆንያው ባዶነቱ ስለበዛ ኮርቻው ላይ መቀመጥ አልቻለም፤ እየተጣጠፈ ወደቀ። በገመድ ከራሱ ወገብ ጋር አስሮ ተነሣ።

ሞተሩ እንደዚያ ቀን ሄዶ አያውቅም። ጠጠሩ ሁሉ የተለቀመ መሰለ፤ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ወጣ፣ መሪው ንቅንቅ አላለም። ምኞቱ ይህ ነበር። ለስላሳም ቀጥም እንዲሆን ነበር የለመነው፤ ሆነለት። በመንገዱ ላይ ብቻውን አለቀሰ። ነገ ማለዳ ደብረ ታቦር ያደርሳታል፣ ሐኪሙም መርፌውን ይወጋታል፤ ግን የሚወጋበት ሥጋ ከየት ያገኛል? ከሷ የሄደው ከቀረው እንደሚበልጥ በዓይኑ አይቷል። መርፌ የቀረውን ያቆይ እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ የቀረውንም ማቆየቱን እንጃ።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነጠብጣብ አቧራው ላይ ይወድቅ ጀምሯል። ሙላው ቁርበቱን ከነገብሱ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል። ዋሴ ሞተሩን አስደግፎ፣ ገመዱን ፈትቶ፣ ጆንያውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ቀጥ ብሎ ሄደ?» አለች የሻረግ ከውስጥ።

«ቀጥ ብሎ ሄደ።»

«እንግዲያስ ነገ እንሂዳ።»

«ነገ» አለ ዋሴ። በሩን ሊከፍት ግራ እጁን ሲዘረጋ ነው ያወቀው፤ የሻረግን የሚያህለውን ጆንያ የያዘው በአንድ እጁ ነበር። ዝናቡ እየጠነከረ መጣ። ወደ ቤት ይዟት ሊገባ አልደፈረም፣ ደጅም ሊያሳድራት አልቻለም፤ የት እንደሚያስቀምጣት ጨንቆት እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።