የማይጎብጠው ድልድይ

ልጄ ሕሊና ለትምህርት ቤት በሠራችው ድልድይ ላይ ዕቃ ሲጫን ድልድዩ አይጎብጥም። የሚጎብጠው ባለቤቴ ነው።

ሠራችው ማለቴ ለወጉ ነው። የሠራው እሱ ነው፤ ወንድይፍራው። እኛ ሰፈር የልጆችን ፕሮጀክት የሚሠራው ወላጅ ነው፤ ወላጅ ካልቻለ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ጋ ተሠርቶ ይገዛል። ወንዴ ግን አልገዛም አለ። ልጅ እያለ መሐንዲስ የመሆን ሕልም ነበረው፤ የሆነው የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነው። እናም የአይስክሬም እንጨትና ኮላ ይዞ የምግብ ጠረጴዛውን ወረሰው። ሕሊና አጠገቡ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች፤ እኛ ሰሃን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። አልተናደድኩም አልልም።

ኮላው ሲደርቅ ድልድዩን በሁለት ወንበሮች መሃል ዘረጋነውና ሕሊና አንድ ኪሎ ስኳር አስቀመጠችበት። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። ወንዴ መታጠቢያ ቤት ጺሙን እየተላጨ ነበር።

«ምንድን ነው የጫናችሁብኝ?» አለ ከውስጥ።

ሄጄ ሳየው፣ ታላቁን ሰላም እንደሚል ሰው ከወገቡ ጎንበስ ብሏል። ስኳሩን አነሳሁት፤ ቀና አለ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ጎንበስ አለ። ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት ስንጨምርበት ከገዛ ጫማው ጋር ተያየ።

«ያምሃል?»

«አያምም። ይከብዳል እንጂ።»

ዘይቱንም ስኳሩንም ስናወርድለት እራት ጠየቀ።

የሳይንስ መምህራቸው ጉርሜሳ ደንብ አላቸው። ድልድዩ ላይ ባልዲ ይንጠለጠላል፤ እስኪሰበር ድረስ አሸዋ ይጨመርበታል። ሲሰበር አሸዋው ይመዘናል፤ ያ ነው ውጤቱ። ካልተሰበረ ውጤት የለም። ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«ቲቸር፣ ድልድዩ ሲሰበር ምን ይሰበራል?»

«ድልድዩ ነዋ።»

«ሌላ ነገርስ?»

ትንሽ አሰቡ። «አንዳንዴ ጠረጴዛው ይጫራል» አሉኝ።

ግራ እንደገባኝ ቤቴ ገባሁ። ወንዴን ይቅርብህ፣ እንደ ሰዉ ገዝተን እንስጣት ብዬ ለመንኩት።

«በዕድሜዬ አንድ ነገር ሠራሁ» አለ። «እሱም ሳይፈተን ይቅር?»

«ወገብህስ?»

«ወገቡም የኔ፣ ድልድዩም የኔ።»

«ባባ» አለች ሕሊና፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። «በኔ ስም ነው እኮ የተመዘገበው።»

በማግስቱ ጠዋት ሕሊና የሻዩን ስኳር ድልድዩ ላይ ረስታው ነበርና ወንዴ ጎንበስ እንዳለ ወደ ሥራ ወጣ። ደረጃው ላይ የአንደኛ ፎቋን እትዬ አስካለን አገኘ። ሰላም ያላቸው መስሏቸው እሳቸውም ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱ። ይሄኔ እሱ ግማሽ ድረስ ቀና አለ። እሳቸው ግን እንደጎነበሱ ቀሩ። ሮጬ ገብቼ ስኳሩን ሳነሳው ሁለቱም ተቃኑ። ወርጄ ነገሩን ሳስረዳቸው እትዬ አስካለ አልገረማቸውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ሰው አብዢለት እንጂ ምን ትርበተበቻለሽ» አሉኝ።

የፈተናው ቀን ወላጆች ሁሉ ክፍሉን ሞልተውት ነበር። ተገዝተው የመጡት ድልድዮች ገና አሸዋው ሲነካቸው እንደ ደረቅ ፓስታ ተንኮታኮቱ፤ ወላጆቻቸው አጨበጨቡ። የኛ ተራ ደረሰ። ወንዴ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ቆመ። የመጀመሪያው አሸዋ ሲፈስ ጎንበስ አለ። ሁለተኛው ሲፈስ ግንባሩ ወደ ጉልበቱ ቀረበ።

«ሰው ሰላም ሲል ዝም ይባላል እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ አፈረ። ወንበሩ እየተንኳኳ ተነሥተው ሁሉም ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ አጸፋውን መለሱ፤ እኔም፣ ሕሊናም፣ አሸዋውን የሚያፈሱት መምህሩም። ወንዴ ቀስ እያለ እኛ ድረስ ተነሣና ከኛ እኩል ሆነ። መምህር ጉርሜሳ እንደጎነበሱ ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ። አሸዋው ሲያልቅ ሁላችንም ወለሉን እያየን ነበር። ድልድዩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል።

«አልተሰበረም» አሉ መምህሩ። «ፈተናው ስላላለቀ ማንም እንዳይነካው።» ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ባሌ አልተሰበረም። ደስ ብሎኛል፤ ይህን አልደብቅም። ስንወጣ ጎንበስ እንዳልን የበሩን ዘበኛ አለፍነው፤ እሱም ጨዋ ነውና ጎንበስ አለልን።

በማግስቱ ባልዲውን ላወርድ ስሄድ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። መምህሩ ቁልፉን እንደያዙ አገር ቤት ገብተዋል፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። በፍርግርጉ ሳይ ድልድዩ እንደቆመ ነው፤ ባልዲውም ተንጠልጥሏል። ከባልዲው በላይ ጣሪያው ያፈሳል። ጠብ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ጠብ።

አሁን ሰፈራችን ውስጥ ቀና ብሎ የሚሄድ የለም። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ስለሌለ ነገሩ ከቤት ቤት፣ ከሱቅ ሱቅ ሄደ። ሰዉ የክረምቱ ብርድ ነው ይላል። እኔ አላርምም፤ ምን ብዬ ላስረዳ? ወንዴ ማታ ማታ ድልድዩ ምን ያህል እንደያዘ በግምት ያሰላል፤ ፊቱን ባላየውም ድምፁ የኩራት ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ዛሬ ጠዋት ሦስታችን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመናል። በየጥቂት ደቂቃው ሰልፉ ሁሉ፣ ተራ አስከባሪው ጭምር፣ አንድ ላይ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ የአይስክሬም እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት።

«እኔ አይደለሁም» አለ ወንዴ።

«እኔም አይደለሁም» አሉ ከኋላችን ያሉት እትዬ አስካለ። ከእሳቸው ኋላ ያለውም እንዲሁ አለ፤ ቃሉ አንድ በአንድ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ፣ ከፊታችን ያሉትም እየተቀባበሉ ተናገሩት። እኔም አይደለሁም አልኩ።

ያልተናገረችው እጄን ይዛ የቆመችው፣ ድልድዩ በስሟ የተመዘገበላት ሕሊና ብቻ ናት።